የእህቴ ቤት ወደ ግራ ሲታጠፍ

እህቴ መኪና ወደኋላ ስትነዳ ያላየ ሰው፣ መንዳት አይቻለሁ ብሎ ባያወራ ይሻለዋል። እህቱ ስለሆነች አዳላላት ይባል ይሆናል፤ ይባል። እኔ መሪ ጨብጬ የማላውቅ፣ ታክሲ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ስቀመጥ እንኳ እግሬ ፍሬን ፍለጋ ወለሉን የሚረግጥ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ፈሪ ሰው ደግሞ ደፋርን ሲያይ አጥርቶ ነው የሚያየው። እሷ ጥቁር መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ አንድ እጇን መሪው ላይ ጣል አድርጋ፣ አንገቷን ወደኋላ ጠምዝዛ ያችን ሰማያዊ ፒክአፕ በጠባቡ በራችን ስታስገባ፣ የግቢያችን ዶሮዎች እንኳ ሳይቸኩሉ ነበር የሚነሱላት። «በዚህ ከተማ ወደኋላ እንደኔ የሚነዳ ወንድ ካለ ይምጣ!» ትል ነበር ሞተሩን ስታጠፋ። ማንም አልመጣም።

ፒክአፗንም፣ አሁን የማወራለትን ተሳቢም ያገኘችው ከጎሮ ወዲያ ሰፍሮ ከነበረ የውጭ አገር መንገድ ሠሪ ድርጅት ነው። እዚያ የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበረች። መንዳት የተማረችውም እዚያው ካምፕ ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት፣ በጠጠር ክምሮች መካከል እየተሹለከለከች ነው። አብዮቱ ፈንድቶ ፈረንጆቹ ጓዛቸውን ሲሸክፉ ሥራ አስኪያጁ ስለ ታማኝነቷ ሁለት ነገር ሰጣት፤ ካሶኒዋ፣ ማለትም የኋላ መጫኛዋ፣ አጭር የሆነችውን ፒክአፕና እሱ ራሱ ይኖርበት የነበረውን ባለጎማ መኖሪያ። ድርጅቱ በራሱ ረጅም መኪና ጎትቶ አመጣው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ ወዳለው የእናታችን ግቢ ወደኋላ አስገባና ፈትቶት ሄደ። ያኔ ከበራችን ወጣ ብሎ ያለው ሁሉ ባዶ ሜዳ ስለነበር እንደፈለጉ ነው የተጠማዘዙት።

ተሳቢው ከኋላ ሲያዩት ተራ ሳጥን ይመስላል። ከፊት ግን አፍንጫው ከፍ ብሎ ወደፊት ይወጣል፤ ያ አፍንጫ ነው የሚጎትተው መኪና ጀርባ ላይ የሚቀመጠው። ከአፍንጫው ሥር ፔርኖ የሚሉት ወፍራም የብረት ካስማ ተንጠልጥሏል፤ የፒክአፗ ካሶኒ ወለል ላይ የተበየደው ብረት ደግሞ እንደ መንጋጋ ተከፍቶ ያን ፔርኖ ነክሶ ይይዘዋል። ውስጡ አልጋ፣ ታጣፊ ጠረጴዛ፣ ትንሽ የእጅ መታጠቢያና ባለመጋረጃ መስኮቶች አሉት። ከሁሉም በላይ ግን፣ እህቴ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ከፍታ እየዘጋች የምታሳየው፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር አለው።

ስለዚህ በር ካልነገርኳችሁ የቀረው ነገር አይገባችሁም። እህቴ በልጅነቷ ተድራ ነበር። የባሏ ቤት የቤተ ዘመዱ ሁሉ መተላለፊያ ነበር፤ አማቷ፣ የአማቷ እህቶች፣ የባሏ ወንድሞች ሳያንኳኩ በመኝታ ክፍሏ አልፈው ወደ ጓዳ ይገባሉ። ፈትታ ስትመጣ የጠበቃት የእናታችን ቤት ደግሞ ሳሎንና አንዲት ጠባብ መኝታ ነው። እሷና እናታችን ባንድ አልጋ፣ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ። ስታለቅስ እንሰማለን፣ በሕልሟ ስትናገር እንሰማለን። ተሳቢው የመጣ ዕለት ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈችና እስከ ማግስቱ እኩለ ቀን አልወጣችም። እናታችን «ልጄ ሞታለች!» ብላ ጎረቤት ልትጠራ ስትል በሩ ተከፈተ። እህቴ ዓይኗን እያሻሸች «ምነው? ተኝቼ ነው እኮ» አለች። ከዚያ በፊት ፊቷ እንደዚያ ፈክቶ አይቼው አላውቅም።

እናታችን ግን ነገሩን አልወደደችውም። የእናቷ ቤት እያለ ልጇ ጎማ ላይ መተኛቷን እንደ ስድብ ቆጠረችው። በስሙ አትጠራውም፤ «ሳጥኑ» ነው የምትለው። በረንዳው ላይ ሆና «ያቺ ልጅ ከሳጥኑ ትውጣና እራት ትብላ!» ብላ ታዛለች እንጂ አንድም ቀን ደጃፉን አልረገጠችም። «በመሰላል የሚገባበት ነገር ለዶሮ ነው» ትላለች። እህቴም እልኸኛ ናት፤ አንድም ቀን ግቢ ብላ አልለመነቻትም። እኔ በሁለቱ መካከል የእራት ሳህን የማመላልስ መልእክተኛ ሆኜ ቀረሁ።

በዚህ ሁኔታ ዓመት አለፈ። የትርፍ ቤት አዋጅ ከወጣ ቆይቷል፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት፣ ሌላው የመንግሥት። እኛ ከአንድ በላይ ኖሮን ስለማያውቅ አዋጁ የሚነካን አልመሰለንም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ፤ አንድ ቀን አዲሱ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቀለምና ብሩሽ አስይዞ የሰፈሩን ቤት እየቆጠረ ግቢያችን ገባ። የእናታችን ቤት በር ላይ ቁጥር ጻፈ። ዘወር ሲል ተሳቢውን አየው። ዞረው። መጋረጃውን አየ፣ በሩን አየ፣ እህቴ ከመስኮቱ ሥር የደረደረቻቸውን የአበባ ጣሳዎች አየ። እርግጠኛ ለመሆን እናታችንን ጠየቃት።

«እማማ፣ ይሄ ነገር ቤት ነው ወይስ መኪና?»

«ሳጥን ነው» አለችው።

ሊቀመንበሩ ጥቂት አሰበና ከእኛ የቀጠለውን የቤት ቁጥር ተሳቢው ጎን ላይ በትልቁ ጻፈበት።

እህቴ ከአዲሱ ሥራዋ ስትመለስ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ሊቀመንበሩን ከሰፈሩ ጫፍ ላይ ደረሰችበት፤ እኔም ነገር እንዳታበላሽ ከኋላ ከኋላዋ ሮጥኩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ መኪና ላይ የቤት ቁጥር የሚጻፈው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ምኑ ነው መኪና?»

«ጎማውን አላዩትም?»

«አየሁት። ጎማው ሥር ሣር በቅሏል፤ ሣሩን ደግሞ ዶሮ ይጭረዋል። ሰው ይተኛበታል፣ ይታጠብበታል፣ በር ይዘጋበታል። ይሄ ቤት ነው። በዚያ ግቢ ሁለት ቤት አለ፤ አንዱ ትርፍ ነው። ቁልፉን ለቀበሌው ታስረክቢያለሽ። ቤት ያጡ ሰዎች ሞልተዋል።»

«ይሄዳል እኮ! ጎትቼ ላሳይዎት?»

እኔ ደግሞ ነገር ላበርድ ብዬ ጣልቃ ገባሁ። «ጎረቤት ተሰብስቦ ገፋ ገፋ ቢያደርገው እንኳ ይሄዳል» አልኩ።

ሊቀመንበሩ ዞር ብሎ አዘነልኝ። «መምህር፣ በእኛ አገር ሰው ሰፈር ሲቀይር የጎጆውን ጣራ እንዳለ አንስተው በትከሻ ያሻግሩለታል። እኔ ራሴ ተሸክሜያለሁ። ያ ጎጆ በሰው ስለሄደ መኪና ሊባል ነው?»

ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ያመነበትን የሚሠራ፣ የሠራውንም ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ዓይነት ነው። በመጨረሻ ለእህቴ ፈረደላት። በሞተር ተጎትቶ፣ የሰው እጅ ሳይገፋው፣ ቀበሌው ሜዳ ድረስ ሄዶ ከተመለሰ መኪና ነው። ካልሆነ ቤት ነው። ቀነ ቀጠሮው የሚመጣው የእሁድ ስብሰባ ሆነ።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ እህቴ «ቤት» የሚለውን ቃል ከተሳቢው ላይ ከለከለች። ሰው አፍ ላይ ከገባ ቀበሌው ጆሮ ይደርሳል ባይ ናት። እሷን ፈልጎ የመጣውን ሰው «ቤቷ ውስጥ ናት» ካልኩት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ታፈጥብኛለች። «መኪናዋ ውስጥ ናት» ማለት ነበረብኝ። የወተት አከፋፋይዋ ሳትቀር ለመደችው። ያልተቸገረችው እናታችን ብቻ ናት፤ እሷ ድሮም ቤት ብላው አታውቅም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር። ከበራችን የሚወጣው ቀጭን መንገድ ጥቂት ሄዶ ድንገት ወደ ግራ ይታጠፋል። ድሮ ባዶ የነበረው ሜዳ ላይ አንድ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ቤት ሠርቶ፣ ልክ መታጠፊያው አፍ ላይ የቅንጭብ አጥር ተክሏል። ለሙከራ ዓርብ ዕለት ተሳቢውን ቀጥላ ስታወጣው ሁሉም ነገር ደግ ነበር፤ ጎማው ሥር የነበረው ሣር ተጋደመ፣ ዶሮዎቹ ተንጫጩ፣ እኔም «እሰይ!» አልኩ። መታጠፊያው ላይ ግን ፒክአፗ ወደ ግራ ስትዞር የተሳቢው አፍንጫ ግራ ጥግ ወደ ጋቢናው መጣ። ካሶኒዋ ረጅም ቢሆን ጥጉ በባዶ አየር ላይ ያልፍ ነበር። የእሷ አጭር ነው። የጋቢናው የኋላ መስተዋት እህቴ ጀርባ ላይ ሲረግፍ ሰማሁ።

ወረደችና ስብርባሪውን ከፀጉሯ እያራገፈች ጥጉን፣ ጋቢናውን፣ አጥሩን ተራ በተራ አየች። ሌላ መኪና እንዳንፈልግ ያ መንጋጋ የተበየደው ፒክአፗ ላይ ብቻ ነው፤ ትልቅ የጭነት መኪናም ሰፈራችን አይገባም። መላው አንድ ነው፤ አጥሩ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ቢል ሰፋ አድርጋ ትዞራለች። ተሳቢውን ቀጥ አድርጋ ወደ ግቢው መለሰችውና ሃምሳ አለቃው ደጃፍ ሄድን።

ሃምሳ አለቃው ሻይ አቀረበልንና አንገቱን ነቀነቀ። «ልጄ፣ ለሌላ ጊዜ ሺህ ቅንጭብ ልንቀልልሽ። ዛሬ አጥሬን ባነሳ ግን ነገ ያ ሰው ቀለሙን ይዞ ይመጣና ‹ካጥሩ ውጭ ያለው ትርፍ መሬት ነው› ይለኛል። ለአንቺ ቤት ብዬ የኔን ልጣ?»

«መኪና» አለችው እህቴ።

«ለአንቺ መኪና ብዬ» አለ ቶሎ ብሎ።

እውነቱን ነው፤ ማናችንም አልተቀየምነውም። እራት ላይ እህቴ እንጀራዋን ሳትቆርስ ቁጭ አለች። እናታችን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ይወስዱት እንደሁ ይውሰዱት። አልጋዬ ሰፊ ነው» አለች። ለማጽናናት ነበር። እህቴ ያን አልጋ ስታስብ ፊቷ ላይ ያለፈውን ነገር እኔ አየሁት፤ እናታችንም ያየችው ይመስለኛል።

«ተሳቢውን ማሳጠር አልችልም» አለች እህቴ በመጨረሻ። «አጥሩም አይነሳም። የሚቀረው ጋቢናው ነው።»

«ጋቢናው ምን ይሁን?» አልኳት።

«ይቆረጥ።»

እዚህ ላይ ስለ ፒክአፗ መናገር አለብኝ። እህቴ ያችን መኪና የምትወዳት ያለ እፍረት ነበር። ሥራ ስትወጣ ታጥባታለች፣ ስትመለስ ትወለውላታለች። መቀመጫዎቹን በእጇ የሠራችው ዳንቴል አልብሳቸዋለች። ቀለሟ እንዳይጠፋ ብላ ፀሐይ ሲዞር ከዛፍ ጥላ ወደ ዛፍ ጥላ ታዞራታለች። ባል በነበራት ጊዜ ለባሏ እንደዚያ አድርጋለት ቢሆን ኖሮ እስከዛሬ ደጃችን እያለቀሰ ይኖር ነበር።

ኦሎምፒያ አካባቢ የነበረው ላሜራ ቀጥቃጭ ከድርጅቱ ዘመን ጀምሮ ያውቃታል። በማግስቱ ሄደን የምትፈልገውን ስትነግረው ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው።

«ጣራውን? ሙሉውን?»

«ሙሉውን። ከመቀመጫዬ ኋላ ከወገቤ በላይ ያለውንም ሁሉ። የፊት መስተዋቱን ብቻ ተውልኝ።»

«ክረምት እየመጣ?»

«ዣንጥላ አለኝ።»

«እህት ዓለም፣ ይቺን መኪና ከምቆርጥ እጄ ይቆረጥ። ሂጂና አስቢበት።»

አላሰበችበትም። ዳንቴሎቹን አንድ በአንድ አውልቃ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከመሣሪያው መደርደሪያ ሴጌቶ፣ የብረት መጋዙን፣ አነሳች። ወጥታም ካሶኒው ላይ ቆመችና የጋቢናውን የኋላ ምሰሶ መገዝገዝ ጀመረች። ብረቱ ሲጮህ ጥርሴን ነክሼ ዞርኩ። ሰውየው ጥቂት አያት፤ መጋዙ እየጠመመ ሲሄድ አላስችል አለው። «ቆይ ቆይ፣ ስጪኝ! ካልቀረ በወጉ ይቆረጥ እንጂ እንዲህ አይዘነጠልም» ብሎ ተቀበላት። እሷ ከጋራዡ ወጥታ መንገዱ ዳር ቆመች። ከቦሌ የተነሳ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ቀና ብላ ተከተለችው፤ ከጠፋም በኋላ ወደዚያው እያየች ቆየች። ውስጥ የመጋዙ ድምፅ እስኪያቆም አልዞረችም። ሰውየው የቆረጠውን ጠርዝ ሁሉ በተሰነጠቀ የውሃ ጎማ ሸፍኖላት ነበር፤ እጇን እንዳይቆርጣት።

ጣራ በሌላት መኪና፣ በቦሌ መንገድ፣ ፀጉሯን በቀይ ሻሽ አስራ፣ መነጽሯን አድርጋ ስትነዳ አላፊ አግዳሚው ዞሮ ያያት ነበር። እኔ ጎኗ ተቀምጬ አንገቴን ደፍቻለሁ። እሷ አንገቷን ሰበር እያደረገች ሰላምታ ትሰጣለች።

እሁድ እናታችን ገና ሳይነጋጋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። መልካም ሊመኙላት የፈለጉም፣ ጉዷን ሊያዩ የፈለጉም የሰፈር ሰዎች መታጠፊያው ላይ ተኮልኩለዋል። እህቴ አስቀድማ በሲባጎ ለክታለች። ጣራው ቢነሳም ጥጉ የሚያልፈው የሾፌሯ ራስ በሚገኝበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ጥጉ ሲደርስ ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታ ማሳለፍ አለባት፤ እስኪያልፍም ፊቷን አታይም። ጠርታኝ በእርጋታ አስረዳችኝ።

«ጥጉ ሊደርስብኝ ሲል ‹ዝቅ› በለኝ። ካለፈ ‹ቀና› በለኝ። ሌላ ምንም እንዳትል።»

«ሌላ ሰው አይሻልም?» አልኳት።

«አንተ ፈሪ ነህ» አለች ፈገግ ብላ። «ደፋር ሰው ዘግይቶ ነው የሚናገረው።»

ተነሳች። ከግቢው ወጣች። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ሕዝቡ ባንድ አፍ «ና! ና! ና!»፣ «በቃ! በቃ!»፣ «ወደዚህ! ኧረ ወደዚያ!» ማለት ጀመረ። በዚህች ከተማ መኪና ሲዞር ከዳር ቆሞ በአፉ የማያሽከረክር የለም። ያኔ ሃምሳ አለቃው ከአጥሩ ጀርባ ወጣ። ሳንቃ በሁለት እጁ ይዞ የራሱን ቅንጭብ ወደ ውስጥ ገፍቶ ይዞታል፤ ወተቱ ዓይኑን እንዳያገኘው ፊቱን አዙሯል። ሳይነቅለው የሚችለውን ያህል አሰፋላት። «ጸጥታ!» ብሎ ጮኸ፤ የጦር ሜዳ ድምፁ ነበር። «አንድ ሰው ብቻ ይናገር! መምህሩ!»

የሞተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ። ፒክአፗ ወደ ግራ መዞር ስትጀምር የተሳቢው ጥግ በካሶኒው ላይ እየተንሸራተተ ወደ እህቴ ጀርባ መጣ። ቀረበ። ቀይ ሻሿን አየሁ፣ ነጩን ጥግ አየሁ፣ በመካከላቸው ያለው ብርሃን ሲጠብ አየሁ።

«ዝቅ!»

ግንባሯን መሪው ላይ ደፋች። እጆቿ ግን መሪውን ማዞር አላቆሙም፤ እግሯም ከነዳጁ አልተነሳም። ፊቷን ሳታይ፣ ኋላዋን ሳታይ፣ እኔ ቀና እስክላት ብቻ እየጠበቀች ያን የሚያክል ነገር ትጎትታለች። ጥጉ በማጅራቷ ላይ አለፈ። የሻሿ ቋጠሮ ጠርዙ ላይ ተያዘ፣ ተፈታ፣ ከራሷ ላይ ተነስቶ ሄደ። ፀጉሯ ብትን ሲል ራሷ አብሮ የሄደ መሰለኝ። ጥጉ መለስ ማለት ሲጀምር ጮህኩ።

«ቀና! ቀና!»

ቀና አለች። ፊት ለፊቷ ሰፊው መንገድ ነበር። እልልታው ቀለጠ። ሃምሳ አለቃው ሳንቃውን ጥሎ በክንዱ ዓይኑን ይጠርጋል፤ የቅንጭቡ ወተት ነው አለ።

ቀበሌው ሜዳ ላይ ስብሰባው ተቋርጦ ሁሉም ቆሞ ጠበቀን። እህቴ ተሳቢውን ይዛ፣ ቀዩ ሻሽ ጥጉ ላይ እንደ ባንዲራ እየተውለበለበ፣ ሜዳውን ሙሉ ክብ ዞረችና ሊቀመንበሩ ፊት አቆመች። ያን ዙር ማንም አልጠየቃትም፤ ለራሷ ደስታ ነው ያደረገችው። ሊቀመንበሩ ተንበርክኮ ጎማዎቹን አየ፤ አንዱ ላይ የተጠመጠመ ሣር ነቅሎ በጣቶቹ መካከል አሸው። ከዚያ የተቆረጠውን ጋቢና ለረጅም ጊዜ አየው።

«ይቺን መኪና ማን ነው እንዲህ ያደረጋት?»

«እኔ ነኝ።»

«ለዚህ ብለሽ?»

«ለዚህ ብዬ።»

ጋዝና ጨርቅ አስመጥቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ራሱ የጻፈውን የቤት ቁጥር ራሱ ፈተገው። ሲጨርስ ግን ሊቀመንበርነቱ ተመለሰበት። «እንግዲህ መኪና ከሆነ ያለ ታርጋ እንዴት መንገድ ላይ አወጣሽው?»

«መኪና ነው ብለው እርስዎ ይመስክሩልኝ፤ ታርጋውን እኔ አወጣለታለሁ» አለችው። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ፤ እሱም ሳቀ።

መመለሱን ለመተረክ ቃል ያጥረኛል። ወጥቶ መሄድስ ይሁን፤ ያን ተሳቢ ያን መታጠፊያ ወደኋላ አዙሮ በጠባብ በር ማስገባት ሌላ ነገር ነው። ሊቀመንበሩ ሳይቀር ተከትሎን መጥቶ ከሕዝቡ ጋር ቆመ። እህቴ መሪውን ወደ ቀኝ ስትለው ተሳቢው ወደ ግራ፣ ወደ ግራ ስትለው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ትንሽ ወደኋላ፣ ትንሽ ወደፊት፣ እንደገና ትንሽ ወደኋላ። ጣራው ስለተነሳ ኋላዋ ሁሉ ወለል ብሎ ይታያታል። ስታጎነብስ «ዝቅ» ማለት እንኳ አላስፈለገኝም፤ በመውጫው ተምራዋለች። ተሳቢው ሣሩ በሞተበት የድሮ ቦታው ላይ ሲያርፍ፣ የአበባ ጣሳዎቹ ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ ያ መታጠፊያ ባይኖር ኖሮ ያን ቀን ሰፈራችን ምን ዓይነት ሰው አብሮት እንደሚኖር አያውቅም ነበር።

ፒክአፗን ፈትታ አቆመች። ዳንቴሎቹን ከቦርሳዋ አውጥታ ጣራ በሌለው ጋቢና ውስጥ መቀመጫዎቹ ላይ መልሳ አለበሰቻቸው። ከዚያ ሰው ሁሉ እያመሰገናት ሲበተን ወደ ተሳቢው ገባችና በሩን ቆለፈች። እኔ በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ።

ጀምበር ስትጠልቅ እናታችን ከቤት ወጣች። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሕዝቡን አልፋ፣ ማንንም ሳታይ ነበር የገባችው። አሁን ነጠላዋን አጣፍታ ለብሳ፣ በአንድ እጇ ጠዋት ያመጣችውን የጠበል ጠርሙስ ይዛለች። ላግዛት ልነሳ ስል በዓይኗ አስቀመጠችኝ። ግቢውን ቀስ ብላ አቋርጣ መሰላሉ ሥር ቆመች። ሊቀመንበሩ ወይም ከሰዎቹ አንዱ እንዳይኖር ወደ ውጪው በር አየት አደረገች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሰው የሰው ደጅ ሲደርስ እንደሚለው፣

«ቤቶች!» አለች።

እናታችን መሰላሉን አልረገጠችም፤ በሩንም አልነካችም። ሲከፍቱላት እንደምትገባ እንግዳ ቆማ ጠበቀች።

ቁልፉ ዞረ። እህቴ በሩ ላይ ቆመች፤ ያን ሁሉ ቀን፣ ጥጉ ማጅራቷ ላይ ሲያልፍ እንኳ ያልወጣው እንባ አገጯ ላይ ደርሷል። «ግቢ፣ እማዬ» አለች።

እናታችን ስለ ጉልበቷ እያጉረመረመች፣ በልጇ እጅ ተደግፋ መሰላሉን ወጣች። በመስኮቱ መጋረጃ ውስጥ፣ አዲስ ቤት እንደሚደረገው፣ አራቱንም ማዕዘን ጠበል ስትረጭ ጥላዋን አየሁ። ከዚያ በሩን ከውስጥ ቆለፉት።